ስለ መስኮብ ሥልጣኔና ስለ ሦስተኛይቱ ሮም ነገር

የአንድ ሕዝብ ሥልጣኔ ከየት እንደ መጣና ወዴት እንደሚሄድ መመርመር የሊቃውንት ሥራ ነው። የአንድ መንግሥት ወሰን የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ መቍረጥ ግን የሕግና የመንግሥታት ውል ሥራ ነው። እነዚህ ሁለት ሥራዎች እየራሳቸው ሲኖሩ ሁለቱም ይጠቅማሉ። አንዱ በሌላው ስፍራ በገባ ጊዜ ግን የሊቅ መጽሐፍ የጦር ምክንያት ይሆናል፤ የመንግሥትም ወሰን እንደ ማታ ጥላ እየረዘመ በጎረቤት ደጅ ይገኛል። ዛሬ ስለ ሩሲያ የምንጽፈው ይህ ነገር በዚያች አገር ታሪክ ከሌላው ይልቅ ተገልጦ ስለሚታይ ነው። አንባቢ እንዳይሳሳት ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋቸዋለን።

በኪየቭ ከተማ፥ የዲኔፐር ወንዝ ከታች በሚታይበት ኮረብታ ላይ፥ በ1853 ዓ.ም. የቆመ የቅዱስ ቭላዲሚር ሐውልት አለ፤ ቅዱሱ ታላቅ መስቀል ይዞ ወደ ወንዙ ይመለከታል። በሞስኮም ከክሬምሊን ግንብ አጠገብ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀ የዚሁ የቅዱስ ቭላዲሚር ሌላ ሐውልት አለ፤ እርሱም መስቀል ይዟል። ሰውየው አንድ ነው፤ ጥምቀቱም አንድ ነው። ቭላዲሚር በ988 ዓ.ም. ሕዝቡን ባስጠመቀ ጊዜ የሞስኮ ስም ገና በታሪክ አልተጻፈም ነበር፤ በታሪክ መጽሐፍ መጀመሪያ የተነሣችው በ1147 ዓ.ም. ነው። ሁለቱ ከተሞች አንዱን አባት እያንዳንዳቸው የእኔ ነው ይላሉ፤ በ2022 ዓ.ም. ግን የሁለቱ ልጆች በታላቅ ጦርነት ተገናኙ።

አባቶቻችን ይህችን አገር መስኮብ ይሏት ነበር፤ ይህም ስም ከሞስኮ ከተማ ስም የወጣ ነው። የአገሩ ሰዎች ግን ስማቸውን የሚያወጡት ከሩስ ነው፤ ሩስም አስቀድሞ የኪየቭ መሳፍንት የሚገዙት አገር ስም ነበረ። እንግዲህ በስሟ ብቻ እንኳ ሁለት ከተሞች አሉ። መስኮብ ማን ናት? የአውሮፓ ልጅ ናትን፥ ወይስ የእስያ፥ ወይስ ለብቻዋ የቆመች? የሚለው ክርክርም ከዚህ ይጀምራል።

ጥምቀቱ የመጣው ከቍስጥንጥንያ ነው። ቭላዲሚር የግሪክ ነገሥታት እኅት የነበረችውን አናን አገባ፤ ቀሳውስቱም ንዋየ ቅድሳቱም ከዚያ መጡለት። ነገር ግን ቅዳሴው በግሪክ ቋንቋ አልቀረም። ቅዱሳን ቄርሎስና ሜቶድዮስ፥ ከእነርሱም በኋላ ደቀ መዛሙርቶቻቸው፥ ለስላቭ ሕዝብ ባዘጋጁት ፊደልና ትርጕም ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ተቀደሰ። ሃይማኖትን ከባሕር ማዶ ተቀብሎ በራስ ፊደል መጻፍና በራስ ቋንቋ መቀደስ ለአንድ ሕዝብ ምን ያህል ኀይል እንደሚሰጥ የግእዝ ልጆች ለሆኑት አንባብያን ማስረዳት አያስፈልግም። ነገሩ ጕድለትም ነበረበት፤ የላቲን ቋንቋ ስላልገባ በምዕራብ አውሮፓ የተተከሉት የታላላቅ ትምህርት ቤቶች ፍሬ ወደዚያ አገር የደረሰው እጅግ ዘግይቶ ነው።

በ1240 ዓ.ም. የሞንጎል ጦር ኪየቭን አጠፋ። ከዚያ ወዲህ የአንዱ ጥምቀት ልጆች መንገዳቸው ተለየ። የሰሜን ምሥራቁ ወገን ለታታር ካን እየገበረ ኖረ፤ የሞስኮ መሳፍንትም ግብሩን ሰብስበው የሚያደርሱ ሆነው ቀስ በቀስ በረቱ፤ በ1480 ዓ.ም. ግብሩ ቀረ። የምዕራቡና የደቡቡ ወገን ግን፥ ኪየቭም ጭምር፥ በሊቱዌንያና በፖላንድ ነገሥታት እጅ ገባ፤ በዚያም የከተማ ሕግንና የላቲን ትምህርት ቤትን ለመደ። ኪየቭ በሞስኮ ነገሥታት እጅ የገባችው ከሞንጎል ጥፋት በኋላ ከ400 ዓመት በላይ ቈይታ በ17ኛው መቶ ዓመት ነው። እንግዲህ መነሻቸው አንድ መሆኑ እውነት ነው፤ መካከሉ ግን አንድ አይደለም። የዛሬውም ክርክር አንዱ መነሻውን ብቻ፥ ሌላው መካከሉን አብዝቶ ከማንበብ የተነሣ ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ከሃይማኖት ክርክር ጋራ ተያያዘ። በ1439 ዓ.ም. በፍሎሬንስ ጉባኤ የግሪክ ጳጳሳት፥ የቱርክ ጦር ከተማቸውን ስላስጨነቃት፥ ከሮማው ፓፓ ጋራ የአንድነት ውል ፈረሙ። ከፈረሙትም አንዱ የኪየቭና የሩስ ሁሉ ሜትሮፖሊት የነበረው ኢሲዶር ነበረ። ኢሲዶርም በ1441 ዓ.ም. ወደ ሞስኮ ገብቶ ውሉን ባስነበበ ጊዜ ልዑሉ ቫሲሊ 2ኛ ያዘው፥ አሠረውም። በዚሁ በ1441 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም የነበሩ የኢትዮጵያ መነኮሳት፥ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፥ ወደዚያው ወደ ፍሎሬንስ ሄደው ነበረና ጉባኤው ለእኛም ታሪክ እንግዳ አይደለም። በ1448 ዓ.ም. ሞስኮ ቍስጥንጥንያን ሳታስፈቅድ ዮናስን ሜትሮፖሊት አድርጋ ሾመች። በ1453 ዓ.ም. ቍስጥንጥንያ በቱርክ እጅ ወደቀች። በ1472 ዓ.ም. ኢቫን 3ኛ የመጨረሻውን የግሪክ ንጉሥ የወንድም ልጅ ሶፊያን አገባ፤ በ1497 ዓ.ም. በታተመው ማኅተሙም ላይ ሁለት ራስ ያለው ንስር ታየ። ሰዎችም ይህን ሁሉ ባንድነት ተመልክተው የወደቀችው መንግሥት ክብር ወደ ማን ተላለፈ ብለው ጠየቁ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጠ የሚባለው በፕስኮቭ አጠገብ በነበረ ገዳም የሚኖር ፊሎፌይ የሚሉት መነኵሴ ነው። ሁለቱ ሮማዎች እንደ ወደቁ፥ ሦስተኛይቱ ሞስኮ እንደ ቆመች፥ አራተኛም እንደማትኖር የሚናገረው ነገር የእርሱ ነው። ይህ ነገር በዓለም ሁሉ ተሰምቷል፤ በጋዜጣና በመጽሐፍም የሩሲያ የመስፋፋት ሐሳብ ሥር ነው እየተባለ ይጠቀሳል። ነገር ግን መልእክቱ ለማን፥ በምን ምክንያትና በየት ሆኖ እንደ ተጻፈ የሚመረምር ሰው ጥቂት ነው።

መልእክቱ የተጻፈው በ1520ዎቹ ዓመታት በፕስኮቭ ለነበረው ለልዑሉ ጸሓፊ ለሚስዩር ሙኔኺን ነው። ምክንያቱም ኮከብ ቈጠራ ነበረ። በ1524 ዓ.ም. በከዋክብት መገናኘት የተነሣ ታላቅ መለዋወጥ በምድር ይሆናል የሚል ትንቢት ከጀርመን አገር መጥቶ ነበርና፥ ጸሓፊው ተጨንቆ መነኵሴውን ጠየቀ። ፊሎፌይም መንግሥታት የሚነሡትና የሚወድቁት በከዋክብት መዞር አይደለም፥ በእግዚአብሔር ፈቃድና በሰዎች ኀጢአት ነው ብሎ መለሰለት፤ ምሳሌም አድርጎ የሮምንና የቍስጥንጥንያን መውደቅ ጠቀሰ። በስሙ በሚጠራውና ለልዑሉ በተላከው በሌላው መልእክት ደግሞ በወርቅና በክብር እንዳይታመን፥ የቤተ ክርስቲያንንም ገንዘብ እንዳይነካ፥ ጳጳስ አጥታ በቈየችው መንበር ላይ ጳጳስ እንዲያስሾም ይመክራል።

ስፍራውንም መመልከት ይገባል። ፕስኮቭ በራሷ ሸንጎ የምትተዳደር ከተማ ነበረች። በ1510 ዓ.ም. ቫሲሊ 3ኛ ነጻነቷን ሽሮ የሸንጎዋን ደወል አስወረደ፤ ከከበሩት ቤተ ሰቦቿም 300 ያህሉን ወደ ሌላ አገር አስወሰደ። ፊሎፌይ የጻፈው ደወሏ ከወረደባት ከተማ አጠገብ ሆኖ ነው። እንግዲህ አራተኛ አይኖርም ማለቱ ለመመካት ነውን? አይደለም። አንተ ብትወድቅ ከአንተ በኋላ የሚተካ የለምና ተጠንቀቅ ማለት ነው። ነገሩ ለገዢ የተሰጠ ተግሣጽ እንጂ ለሠራዊት የተሰጠ ካርታ አልነበረም። ቃሉ በ1589 ዓ.ም. የሞስኮ ፓትርያርክ መንበር በቆመ ጊዜ በተጻፈው ደብዳቤ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ግን የሞስኮ መንግሥት ከጎረቤቶቹ ጋራ በሚዋዋልበት ነገር ብዙ ስፍራ አላገኘም። መልእክቶቹ ታትመው ሕዝብ ሁሉ ያነበባቸው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ያን ጊዜም ተግሣጹ ቀርቶ ክብሩ ብቻ ተነበበ።

በመካከሉ ታላቁ ጴጥሮስ ተነሥቶ ነበር። ጴጥሮስ በ1703 ዓ.ም. በባሕር ዳር አዲስ ከተማ ቈረቈረ፤ የመኳንንቱን ጢም አስላጨ፤ በ1721 ዓ.ም. የፓትርያርኩን መንበር አስቀርቶ ቤተ ክርስቲያኒቱን እንደ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሲኖዶስ አስተዳደረ። ከዚህም የተነሣ አንድ አገር ሁለት ሕዝብ የያዘ መሰለ። መኳንንቱ ፈረንሳይኛ ይናገራሉ፥ እንደ አውሮፓ ሰው ይለብሳሉ፤ ገበሬው ግን በጢሙና በጥንት ልማዱ ይኖራል። ሩሲያ አውሮፓ ናት ወይስ አይደለችም የሚለው ጥያቄ ከመጽሐፍ የተወለደ አይደለም፤ በዚህ መለያየት የተወለደ ነው።

በ1836 ዓ.ም. ፒዮትር ቻዳዬቭ የሚባል ሊቅ ጥያቄውን ያለ ማፈር በአደባባይ አወጣው። ሩሲያ የምሥራቅም የምዕራብም አይደለችም፥ ለሰው ልጅ ትምህርትም እስካሁን ያበረከተችው የለም ብሎ ጻፈ። ንጉሠ ነገሥት ኒቆላዎስ 1ኛም ሰውየው አእምሮው ታውኳል ተብሎ እንዲነገርና ሐኪም እንዲጠብቀው አዘዘ፤ ጽሕፈቱን ያወጣው የመጽሔት አዘጋጅም ተጋዘ። ለመጽሐፍ መልሱ መጽሐፍ መሆን ሲገባው ሐኪም ተላከ። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ክርክሩ አልቆመም። አንደኛው ወገን የምዕራብ ወዳጆች ተባሉ፤ እነርሱም ሩሲያ በአውሮፓ መንገድ እንድትሄድ የሚፈልጉ ናቸው። ሁለተኛው ወገን የስላቭ ወዳጆች ተባሉ፤ ከእነርሱም የታወቁት አሌክሴይ ኾምያኮቭና ኢቫን ኪሬየቭስኪ ናቸው። እነዚህ የሩሲያ ሀብት በጉባኤ የሚኖር የምእመናን አንድነትና የገበሬው ማኅበር ነው አሉ። ልብ ማለት የሚገባው ግን እነዚህ ሰዎች የመንግሥት አሞጋሾች አለመሆናቸው ነው። ጭሰኛን እንደ ባሪያ መግዛት እንዲቀር ይናገሩ ነበር፤ የኾምያኮቭም የሃይማኖት ጽሕፈቶች በአገሩ ማተም ስላልተቻለ መጀመሪያ የታተሙት በውጭ አገር ነው።

ከዚህ በኋላ የክሪሚያ ጦርነት መጣ። ከ1853 እስከ 1856 ዓ.ም. እንግሊዝና ፈረንሳይ ከቱርክ ጋራ ተሰልፈው ሩሲያን ወጉ። የክርስቲያን ነገሥታት ከእስላም ንጉሥ ጋራ ሆነው ክርስቲያንን ሲወጉ ማየት የሩሲያን ሊቃውንት ልብ አቈሰለ። ከዚህም ቍስል በ1869 ዓ.ም. የኒቆላይ ዳኒሌቭስኪ ሩሲያና አውሮፓ የተባለው መጽሐፍ ወጣ። ዳኒሌቭስኪ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበረ፤ የባሕርና የወንዝ ዓሣዎችንም ሲመረምር ብዙ ዓመት ቈይቶ ነበር። እንስሳትና ዕፀዋት በየወገናቸው እንደሚለዩ ሥልጣኔዎችም እንዲሁ በየወገናቸው ይለያሉ፥ እያንዳንዱም ይወለዳል፥ ያድጋል፥ ያረጃል አለ። አውሮፓም ከብዙዎቹ አንዷ ናት እንጂ የሰው ልጅ ሁሉ መስፈሪያ አይደለችም አለ። እስከዚህ ድረስ ከእርሱ ጋራ የሚስማማ ብዙ ነው፤ ከአውሮፓ ውጭ ያለ ሕዝብ ሁሉ በሌላ ሰው መስፈሪያ መለካት ምን እንደሚመስል ያውቃልና። ነገር ግን ዳኒሌቭስኪ በዚህ አልቆመም፤ ስላቮች ሁሉ በሩሲያ መሪነት አንድ ማኅበር እንዲሆኑና ቍስጥንጥንያም የማኅበሩ ከተማ እንድትሆን ጠየቀ። የእኔ ሥልጣኔ ከሌላው አያንስም ማለት ሌላ ነው፤ ስለዚህ የጎረቤቴ ከተማ የእኔ ናት ማለት ሌላ ነው። በሁለቱ ነገሮች መካከል ያለውን ገደል በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ተሻገረው። በ1888 ዓ.ም. ፈላስፋው ቭላዲሚር ሶሎቪዮቭ ይህን መጽሐፍ ነቀፈ፤ የሰውን ልጅ አንድነት የሚክድ ትምህርት ከክርስትና ጋራ አይስማማም ብሎ ተከራከረ። እርሱም የሩሲያ ልጅ ነበረና ነቀፌታው ከውጭ የመጣ አይደለም።

በ1904 ዓ.ም. ደግሞ የምድር አቀማመጥን ከመንግሥታት ኀይል ጋራ የሚያያይዘው ትምህርት፥ ጂኦፖለቲክ የሚሉት፥ ከለንደን ሌላ ሐሳብ አመጣ። ሃልፎርድ ማኪንደር የሚባል የእንግሊዝ መምህር በንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር ፊት ቆሞ መርከብ የማይደርስበት የእስያና የአውሮፓ መካከል የዓለም ታሪክ የሚዞርበት እንዝርት ነው፥ የባቡር ሐዲድም በተዘረጋበት ጊዜ ኀይሉ ይገለጣል አለ። ይህን ያለው እንግሊዝን ለማስጠንቀቅ ነበረ። በኋላ ግን በሩሲያ ያሉ ሰዎች ማስጠንቀቂያውን እንደ ምስክር ወረቀት ተቀብለው ምድራችን ራሷ ትልቅ ሥራ ሰጥታናለች ይሉ ጀመር። ጠላት የፈራውን ነገር ወዳጅ የክብር ስም አድርጎ መልበሱ በታሪክ ብዙ ጊዜ የሚሆን ነው።

የ1917 ዓ.ም. አብዮት ብዙ ሊቃውንትን በስደት በተነ። በ1921 ዓ.ም. በሶፊያ ከተማ አራት ስደተኞች፥ የቋንቋ ሊቁ ኒቆላይ ትሩቤትስኮይ፥ የጂኦግራፊ ሊቁ ፒዮትር ሳቪትስኪ፥ የሙዚቃ ዐዋቂው ፒዮትር ሱቭቺንስኪና የነገረ መለኮት መምህሩ ጊዮርጊ ፍሎሮቭስኪ አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። የእነርሱ ወገን ዩራሲያውያን ተባለ። ሩሲያ አውሮፓም እስያም አይደለችም፥ ጫካውና ሜዳው ተገናኝተው የሠሯት ሦስተኛ ዓለም ናት፤ ሞንጎሎችም ጥፋት ብቻ ሳይሆን ሰፊ አገር የመግዛትን ልማድ ትተውላታል አሉ። ከመካከላቸው ፍሎሮቭስኪ ቶሎ ተለየ፤ በ1928 ዓ.ም. በጻፈውም ጽሕፈት ባልንጀሮቹ ያነሡት ጥያቄ እውነተኛ እንደ ሆነ፥ መልሳቸው ግን እውነት እንዳልሆነ አስረዳ። ቤተ ክርስቲያን የመሬትና የደም አገልጋይ ልትሆን አይገባትም የሚል ሐሳብ ነበረውና። ሳቪትስኪም ትልቅ ሥራ አላት ያላት አገር ሠራዊት በ1945 ዓ.ም. ፕራግ በገባ ጊዜ ተይዞ ወደ እስር ሰፈር ተወሰደ፤ የተፈታውም በ1956 ዓ.ም. ነው።

በ1991 ዓ.ም. የሶቭየት ኅብረት ፈርሶ 15 መንግሥታት ሆነ፤ ወደ 25 ሚሊዮን የሚሆኑ ሩሲያውያንም ከሩሲያ ወሰን ውጭ ተገኙ። የኮሙኒዝም ትምህርት ስለ ወደቀ ማን ነን የሚለው ጥያቄ እንደገና ተነሣ፤ የዳኒሌቭስኪና የዩራሲያውያን መጻሕፍትም እንደገና ታተሙ። በ1996 ዓ.ም. አሜሪካዊው መምህር ሳሙኤል ሀንቲንግተን ዓለምን በሥልጣኔ ከፋፍሎ ሩሲያን የኦርቶዶክስ ሥልጣኔ ራስ አደረጋት፤ አገራችንንም ከማንም ጋራ የማትመደብ ብቸኛ ብሎ ጻፋት። በ1997 ዓ.ም. አሌክሳንድር ዱጊን ስለ ጂኦፖለቲክ መሠረት የሚናገር መጽሐፍ አወጣ። በ2021 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ቭላዲሚር ፑቲን ሩሲያውያንና ዩክሬናውያን አንድ ሕዝብ ናቸው የሚል ረዥም ጽሕፈት አሳተሙ። በየካቲት 24 ቀን 2022 ዓ.ም. የሩሲያ ጦር ወደ ዩክሬን ገባ። በመጋቢት 31 ቀን 2023 ዓ.ም. በጸደቀው የውጭ ጉዳይ መመሪያም ሩሲያ መንግሥት ብቻ ሳትሆን ለብቻዋ የቆመች ሥልጣኔ መሆኗ በመንግሥት ጽሑፍ ሰፈረ። የቻዳዬቭ ጥያቄ ከ187 ዓመት በኋላ የቢሮ መልስ አገኘ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለእውነት ስንል የሩሲያን ወገን ክርክር ሳናጓድል እንናገር። አገሪቱ በ1812 ዓ.ም. በናፖሊዮን፥ በ1941 ዓ.ም. በጀርመን ተወርራለች፤ በኋለኛው ጦርነት ከሶቭየት ኅብረት ወደ 27 ሚሊዮን የሚሆን ሰው አልቋል። ከምዕራብ የሚመጣውን ነገር በጥርጥር መመልከቷ ከባዶ የተነሣ አይደለም። የዓለም ሕዝብ ሁሉ በአንድ መንገድ ብቻ ይሂድ የሚለውን ነገር መቃወሟንም ብዙ አገሮች በደስታ ይሰሙታል። ለአገራችንም ቢሆን በ1896 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ድረስ መጥተው የዐድዋን ቍስለኞች እንዳከሙ አንረሳም። ስለዚህ የምንነቅፈው ሕዝቡን አይደለም፥ ሥልጣኔውንም አይደለም።

የምንነቅፈው ሥልጣኔን የወሰን ድንጋይ ማድረግን ነው። ሥልጣኔ ወሰን ቢሆን ኖሮ የ2022 ዓ.ም. ጦርነት መሆን አይገባውም ነበር። ሀንቲንግተን ራሱ ሩሲያና ዩክሬን የአንድ ሥልጣኔ ልጆች ናቸውና በመካከላቸው ጦርነት ይነሣል ተብሎ የሚፈራውን ያህል አይደለም የሚል ሐሳብ ጽፎ ነበር። ነገሩ ግን ተገላበጠ። ብዙ ጥፋት ከደረሰባቸው ከተሞች ማሪዩፖልና ኻርኪቭ ይገኛሉ፤ በነዚህም ከተሞች ሕዝቡ አብዝቶ የሚናገረው ሩስኛ ነበረ። ከ27 ሚሊዮኑም ሙታን መካከል ቍጥራቸው እጅግ የበዛ ዩክሬናውያን ነበሩ። አንድ ቋንቋና አንድ ጥምቀት ለሰላም ካልበቁ፥ ለወሰንም ምስክር ሊሆኑ አይችሉም።

ቤተ ክርስቲያንም ከዚህ አልዳነችም። በ2018 ዓ.ም. ሞስኮ ስለ ዩክሬን ቤተ ክርስቲያን ነጻነት ከቍስጥንጥንያ ፓትርያርክ ጋራ የነበራትን ኅብረት አቋረጠች፤ በ2019 ዓ.ም. መጀመሪያ ቍስጥንጥንያ ለዩክሬን ቤተ ክርስቲያን የነጻነት ደብዳቤ ሰጠች። በግንቦት 27 ቀን 2022 ዓ.ም. ደግሞ በዩክሬን ለሞስኮ ታማኝ ሆና የኖረችው ቤተ ክርስቲያን እንኳ በጉባኤዋ ራሷን የቻለች መሆኗን ተናገረች። የሞስኮ መንበር ብዙ ምእመናን ያገኘው በዩክሬን ምድር ነበረ። አንድነትን በጦር ማጽናት የፈለገ ሰው በጸሎት የነበረውን አንድነት እንዳጣ ከዚህ ይታያል።

በሩሲያ ውስጥም ብንመለከት ሥልጣኔው ከአንድ ግንድ የተቈረጠ አይደለም። በዚያች አገር ከ190 የሚበልጡ ነገዶች ይኖራሉ፤ ከ1552 ዓ.ም. ጀምሮ የካዛን ታታሮች፥ በኋላም የቡድሃ ሃይማኖት የሚከተሉት ካልሚኮችና ቡርያቶች በውስጧ አሉ። የሩስኛን ታላቅ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ቭላዲሚር ዳል የዴንማርክ ሰው ልጅ ነው። የሥነ ጽሑፏ አባት የሚባለው አሌክሳንድር ፑሽኪን የአብራም ሐኒባል የልጅ ልጅ ልጅ ነው፤ ሐኒባልም በሕፃንነቱ ከአፍሪካ ተወስዶ በታላቁ ጴጥሮስ ቤት ያደገ ነው። የትውልዱን ስፍራ አንዳንዶች በእኛ ወገን በመረብ ወንዝ በኩል፥ ሌሎችም በቻድ ሐይቅ አጠገብ ነው ይላሉ። እንግዲህ ይህን ሁሉ ተቀብላ የራሷ ያደረገች አገር ሀብቷ መቀበሏ ነው፤ ሥልጣኔዋም የከበረው የእኔ ያልሆነ አይግባ በማለት አይደለም፤ በኀይል የእኔ ነህ በማለትም አይደለም።

ይህ ነገር ለሹማምንትና ለካህናት የሚናገረው አለው። እኛም በክብረ ነገሥት የጽዮን ክብር ከአንድ ሕዝብ ወደ ሌላ ሕዝብ እንደ ተላለፈ ስንማር ያደግን ነን፤ ስለዚህ የፊሎፌይ ነገር ከሌላው አንባቢ ይልቅ ለእኛ ቅርብ ነው። ክብር ተላለፈ የተባለለት ሕዝብ ሁሉ አብሮ የሚተላለፍ ሌላ ነገር እንዳለ ማስታወስ ይገባዋል፤ እርሱም ፍርድ ነው። ከፊተኛው የተወሰደው ስላላከበረው ከሆነ፥ ከኋለኛውም የማይወሰድበት ምክንያት የለም። አብርሃም አባት አለን እያሉ ለሚመኩት መጥምቁ ዮሐንስ የመለሰላቸውን የሚያውቅ ካህን ይህን ለማስተማር ሌላ መጽሐፍ አይፈልግም።

ሹምም ቢሆን ሊቅ የጻፈውን በመንግሥት ወረቀት ከማስፈሩ አስቀድሞ ሁለት ነገር ይጠይቅ። መጀመሪያ፥ ጽሑፉ ገዢውን የሚገሥጽ ነውን፥ ወይስ ጎረቤትን የሚከስ? ሁለተኛ፥ ጎረቤቱ ተጠይቆ እርሱስ ስለ ራሱ ምን አለ? ዩክሬናውያን በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. ተጠይቀው ከመቶ 90 የሚበልጡት ነጻ መንግሥት እንዲሆኑ ድምፅ ሰጥተው ነበር፤ ይህን መልስ ያልቈጠረ የታሪክ ትምህርት ሁሉ ጎደሎ ነው። ሰው ማን እንደ ሆነ የሚናገረው አያቱ ብቻ አይደለም፤ እርሱ ራሱም አፍ አለው።

የፕስኮቭ መነኵሴ ስለ መንግሥታት መውደቅ ለተጨነቀ ጸሓፊ የሰጠው ምክር አምስት መቶ ዓመት ሆነው፤ ምክሩም አላረጀም። ክብሩን ብቻ የሚያነብ በርካታ ነው። ተግሣጹን የሚያነብ ሹም፥ ተግሣጹንም ሳይፈራ የሚያስተምር ካህን ያገኘች አገር ግን ሦስተኛም ተባለች አራተኛ፥ ትልቅም ሆነች ትንሽ፥ ሥልጣኔዋ የሚጸናላት እርሷ ናት።